ልቀንሰው ወይስ ልጨምረው?

ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር በምትመላለስ አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ ማጠፊያዋ የዛገ ትንሽ የብረት በር አለች። ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር «ሲጥጥ» ትላለች። ድምፁ ትልቅ አይደለም፤ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም። ጡረታ የወጡትን መምህር ግን ይሰቀጥጣቸዋል። ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ይወጣል፣ ዐይናቸው ይጨፈናል፣ ጥርሳቸው ሎሚ እንደነከሰ ሰው ይጠርሳል።

መምህሩ የተቀመጡበት ወንበር ሥር ደግሞ ሙክት የሚያህል ስፒከር ተጋድሟል። «ዱም» ባለ ቁጥር ባርኔጣቸው ትዘላለች፤ መነጽራቸው ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ይንሸራተታል። እሱ አይሰቀጥጣቸውም።

«አንተ ልጅ፣ ይችን በር ዘይት አትቀባትም?» ይላሉ እየጮኹ።

«የቷን በር፣ ጋሸ?»

«ይችን ሲጥ የምትለውን ነዋ!»

«ኧረ እኔ ምንም አልሰማሁ። ሙዚቃው ነው የረበሸዎት? ልቀንሰው ወይስ ልጨምረው?»

«እሱማ ምን አደረገ? ትዝታ አይደል? ጨመር አድርገው እንጂ።»

ልጁ ይጨምራል። መምህሩ ደግሞ ልጁ የበሯን ነገር እያወቀ ጆሮ ዳባ ልበስ ያላቸው ይመስላቸውና ሆዳቸው ይቆርጣል። በዚህ እንኳ ተሳስተዋል። ልጁ ያለው እውነቱን ነው።

ዘንዘልማ የባሕር ዳር ዳር ናት። ዓባይን ተሻግረው በጎንደር መንገድ ሲወጡ፣ ከተማው ገጠር ልሁን አልሁን እያለ የሚያመነታበት ቦታ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ግቢ እዚያ ስለሆነ፣ አንዲት ባጃጅ ውስጥ ላፕቶፕ ያቀፈ ተማሪ፣ ዶሮ ያቀፈች ገበያተኛና ቂም ያቀፉ ጡረተኛ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚገርመው የለም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ጉድጓድ የለምና በሯ ዝም ትላለች። ልጁ ዝምታ አይወድም። እዚያ ላይ አንድ እርከን ይጨምራል።

መምህሩን በቤታቸው የሚያውቋቸው ሰዎች ስለ ጆሯቸው ጣጣ አውርተው አይጠግቡም። ድስት በማንኪያ ሲፋቅ ከቤት ይወጣሉ። ሻይ «ፉት» እያለ የሚጠጣ እንግዳ ከመጣ ራዲዮ ይከፍታሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፌስታል የምታንኮሻኩሽ ሴት ካጋጠመቻቸው የዕለቱ ጸሎት ቀረ ማለት ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ዘመዳቸው የቢራ ቆርኪ በቢላዋ ሊከፍት ሲታገል ቢላዋው የጠርሙሱን አንገት ፋቀው፤ መምህሩ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ከግብዣው ተነሥተው ሄዱ ይባላል።

የድሮ ተማሪዎቻቸው ይህን ሲሰሙ በሣቅ ይፈርሳሉ። ምክንያቱም እኚህ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያስጮኹ የኖሩ ናቸው። በተለይ ረዥም መስመር ሲያሰምሩ ሃምሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ጆሮውን ይይዝ ነበር። እሳቸውን አንድም ቀን አልሰቀጠጣቸውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ሰው የሚታማውን አይሰማም ለማለት ነው፤ ለጠመኔም ግን ይሠራል።

ሆኖም ፍርድ ይሰጥ ከተባለ ሳይንስ ከመምህሩ ጎን ይቆማል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የብረት መኮትኮቻ የድንጋይ ሰሌዳ ሲቧጥጥ ሰውን ለምን እንደሚያሳብድ ሊያጣሩ ተነሡ። ሁሉም ሰው ጥፋቱን በቀጭኑ ድምፅ ያሳብብ ነበር። ቀጭኑን ቀንሰው ቢያሰሙም ሰቅጣጭነቱ አልለቀቀም፤ ጥፋተኛው መሀለኛው ድምፅ ሆኖ ተገኘ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ መጀመሪያ አስቆ ኋላ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠው የኢግ ኖቤል ሽልማት ደረሳቸው።

በ2012 ደግሞ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 74 ዓይነት ድምፅ እያሰሙ የሰሚውን አንጎል በመሣሪያ ተመለከቱ። ከአስቀያሚዎቹ ሁሉ አንደኛ የወጣው ምን ይመስላል? ቢላዋ በጠርሙስ ላይ። መምህሩ ጉርሻቸውን ይዘው የተነሡበት ያው ቢላዋ፣ ያው ጠርሙስ። ሹካ በብርጭቆ ሁለተኛ፣ ጠመኔ በሰሌዳ ሦስተኛ ወጡ። የብስክሌት ፍሬን ሲጮህም እስከ ዐሥር ካሉት ውስጥ ገብቷል፤ ብስክሌት እንደ ባሕር ዳር በሞላበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእነዚህ ሰቅጣጭ ድምፆች መንደር ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ንቁ የሆነው እዚያው ነው። ያችም የባጃጅ በር የዚያው መንደር ልጅ ሳትሆን አትቀርም።

ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ብዙም አያስከፉም ከተባሉት መካከል፣ የሕፃን ሣቅ፣ ጭብጨባ፣ የሚፈስ ውሃና ነጎድጓድ ይገኛሉ።

ነጎድጓድ! ቤት የሚያንቀጠቅጠው ነገር አያስከፋም ተባለና ጠርሙስ የነካች ቢላዋ አንደኛ ሆነች። ግን ዐይንን ከፍቶ ላየው ሰው የባሕር ዳር ኑሮ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ መግቢያ ከፍሎ፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ቆሞ አጠገቡ ያለውን ሰው እንኳ መስማት ሲያቅተው «አቤት ደስ ሲል!» ይላል። ያው ሰው ማታ ሆቴሉ ሲገባ የቧንቧ ጠብታ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ክፍል ይቀይራል። ጆሮ ዳኛ እንጂ ሚዛን አይደለም። ይህን ወደድሁ፣ ያን ጠላሁ ይላል፤ ስንት ኪሎ እንደተጫነበት አይናገርም።

ደግሞም ዳኝነቱ በልማድ የሚመራ ነው። ከበገና ዐሥር አውታሮች እያንዳንዷ ከብርኩማው ጋር በምትገናኝበት ቦታ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ሥራዋ አውታሩን ማንዘር ነው፤ «ዝዝዝ» ማሰኘት። ፒያኖ ወይም ጊታር ላይ እንዲህ ያለ ንዝረት ቢሰማ ባለሙያ ይጠራል። በገና ላይ ሲሆን ግን በሁዳዴ ሌሊት እንባ ያወርዳል። እንዝራዋ ቦታዋን ስትለቅና ድምፁ ሲጠራ ነው «ተበላሸ» የሚባለው። እዚያች ባጃጅ ውስጥ ያለው ስፒከርም እንደዚሁ ይነዝራል፤ ልዩነቱ፣ እሱ እንዝራ ያለው ሳይሆን የተቀደደ መሆኑ ነው።

አንቺ ሆዬ ቅኝትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ፈረንጅ ክራሩ አልተቃኘም ብሎ ሊያዝን ይችላል፤ እጅግ የተጠጋጉ ድምፆች አሉበትና። ለእኛ ሙሽራ ይሸኝበታል። በ2016፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናትም በቦሊቪያ ጫካ የሚኖሩት ጺማኔ የሚባሉ ሰዎች፣ ምዕራባውያን «ተጋጨ» የሚሉትንና «ተስማማ» የሚሉትን ጥምር ድምፅ እኩል ደስ ይላል ብለው እንደሰሙት አሳይቷል። ስለዚህ መምህሩ «ይህ ጩኸት ነው፤ ያ ደግሞ ዜማ ነው» ሲሉ የሚናገረው ጆሯቸው ብቻ አይደለም። ያደጉበት ቀዬም፣ የጎረመሱበት ዘመንም አብሮ ይናገራል።

የወደዱት ድምፅ ደግሞ ሕመም ያስረሳል። ይህን ከማንም በፊት የምናውቀው እኛ ነን። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት፣ ደም እየፈሰሰ፣ ዘማሪውም ሰሚውም በዜማው ተመስጠው አላወቁም ነበር ይላል ትውፊቱ። ቅዱሱን ከዳንስ ቤት ጋር ማነጻጸር ነውር ነውና አናነጻጽርም። ጦሩን ብቻ እንዋስ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጦሩን በዲሲቤል ይለካል። ሹክሹክታ 30 ያህል፣ የተለመደ ወሬ 60 ያህል ነው። 80 ዲሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰሙት ደህና ነው ይላል ድርጅቱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ግን የአራጣ ሒሳብ ነው፤ በየ3 ዲሲቤሉ የድምፁ ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይወርዳል። 90 ላይ በሳምንት 4 ሰዓት ይቀራል። 100 ላይ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ። የዳንስ ቤት ድምፅ 100 አካባቢ መድረሱ ብርቅ አይደለም። እንግዲህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የወጣ ጎረምሳ የ12 ሳምንት የጆሮ ቀለቡን በአንድ ሌሊት በልቶ ወጣ ማለት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ምንም እንዳልበላ ሰው ይመለሳል።

መምህሩ «የዛሬ ልጆች!» ሊሉ አፋቸውን ሲያሾሉ ባለቤታቸው በጊዜ ያስታውሷቸዋል። ደርግ ሰዓት እላፊ ካወጀ በኋላ የአዲስ አበባ የሙዚቃ ቤቶች አንድ መላ ዘይደው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፤ ባንዱም ታዳሚውም እስኪነጋ እዚያው ነው። ዋልያስ ባንድ በሒልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል የሚደመጡበት ዘመን ነው። ወጣቱ መምህር ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ፣ ስሙን ዛሬም በማይናገሩት አንድ ቤት፣ ሳክስፎኑ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ እንዲህ ተቆልፈው አድረዋል። አንድ ሌሊት ነው ይላሉ እሳቸው። ባለቤታቸው ግን አንድ ክረምት ይላሉ።

የባሰው ግን የዛሬ ክብራቸው ነው። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ ሰርጉ ይግተለተላል፤ የተከበሩ መምህር ደግሞ ያልተጠሩበት ሰርግ የለም። ዳሱ ውስጥ ሽማግሌ የሚቀመጠው ከፊት ነው። ሞንታርቦውም የሚቆመው ከፊት ነው። ሞንታርቦ የአንድ ጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው ቢባሉ የሚያምኑ ጥቂቶች ናቸው፤ እኛ ዘንድ ቁመቱ ከሙሽራው የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ ነው። እናም ሽማግሌዎቹ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ወደ ሞንታርቦው ይጠጋሉ። ወጣቱ ከኋላ፣ ድምፁ ከሚቀንስበት ቦታ፣ ቢራውን ይዞ በሰላም ያወራል።

አንድ ዓመት መምህሩ ብልጥ ለመሆን ሞክረው ነበር። ጥጥ ጠቅልለው ጆሯቸው ውስጥ ሰኩ። አንዲት አክስት አየቻቸውና «በሰርግ ቀን ጥጥ? ጥጥ የሚሰካው ለሬሳ አይደል እንዴ!» ብላ በሁለት ጣቷ መዘዘችው። ብዙም አልጎዳቻቸውም፤ ጥጥ የሚቀንሰው ድምፅ ኢምንት ነው። በደንብ የተሰካ የስፖንጅ መድፈኛ 20 እና ከዚያም በላይ ዲሲቤል ይቀንሳል። ስዊዘርላንድ በፈረንጅ ከ2007 ጀምሮ የሙዚቃ ቤቶች የሰዓት አማካይ ድምፅ ከ100 ዲሲቤል እንዳያልፍ ደንግጋለች፤ ከ93 ካለፈ ባለቤቱ መድፈኛ በነጻ ማደል አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጋቢት 2022፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ ለሙዚቃ ቤቶች ባወጣው መለኪያ ጣሪያውን 100 አድርጎ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ክፍል ይኑር ብሏል። ሰርግ ቤት ጸጥ ያለ ክፍል ይኑር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን የሙሽሪት ወገን ነው የሙሽራው? ተብሎ ይጠየቃል።

እኛም ሕግ አላጣንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም እንደ ጭስና እንደ ፍሳሽ ብክለት አድርጎ ቆጥሮታል። በወጣው መለኪያ የመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዲሲቤል ማለፍ የለበትም። 45 ማለት ከተለመደ ወሬ በታች ነው። በዚህ ስሌት የዘንዘልማ ሌሊት ምን ያህል ሕግ እንደሚጥስ መምህሩ በስልካቸው መለኪያ ጭነው ሊያጣሩ ሞክረው ነበር። የእምነት ቤቶቹን ድምፅ ለመለካት አልደፈሩም፤ ይህ ጽሑፍም አይደፍርም። የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ፤ ስልኩ ቀይ በቀይ ሆነ።

ዶሮውስ እንዴት አልደነቆረም? ቤልጂጎች ይህን ጠይቀው መርምረዋል። የአውራ ዶሮ ጩኸት ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ እንኳ ከ100 ዲሲቤል ያልፋል። ነገር ግን ሊጮህ አፉን በሰፊው ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ይዘጋል፤ የጆሮ ታምቡሩም ግማሽ በግማሽ በሥጋ ይሸፈናል። መድፈኛው አብሮት የተፈጠረ ነው። ሰው ይነቃል፤ እሱ አይሰማም።

ይህም አልበቃው። የሰው ውስጠኛ ጆሮ ቀንድ አውጣ በመሰለች ጠምዛዛ ቤት ውስጥ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉት። ድምፅን ለአንጎል የሚተረጉሙት እነሱ ናቸው። ከተወለድንባቸው ሌላ አይበቅሉም፤ የሞተው ሞተ። የዶሮ ግን ይበቅላሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ፣ ተመራማሪዎች በኃይለኛ ድምፅ የጎዱት የጫጩት ጆሮ በሳምንታት ውስጥ አዳዲስ ሕዋሳት ሲያበቅል አይተው ደነገጡ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብሎ የተረተባት ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ቀናተኛ ነው ይባል ነበር። ባጃጇ ውስጥ ከስፒከሩ ጎን እግሯ ታስሮ ወደ ገበያ የምትሄደው ዶሮ ጆሮዋ ቢጎዳ መልሳ ታበቅለዋለች። ያንን የሚያደርግ ዕድሜ ማግኘቷ ነው የሚያጠራጥረው፤ ቅዳሜ ነው።

በሰው ጆሮ ውስጥ ቀድመው የሚሞቱት በሩ አጠገብ የሚኖሩት ናቸው። ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ሕዋሳት ከመግቢያው ይደረደራሉ፤ ወፍራሙን የሚሰሙት ከጓዳ። የጫጫታ ጉዳት ደግሞ መጀመሪያ ጎልቶ የሚታየው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። የሰቅጣጮቹ መንደር ከ2,000 እስከ 5,000 መሆኑን ያልረሳ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቃስት ያምርበታል።

እዚያው መንደር ውስጥና ከዚያ ከፍ ብሎ ሌሎች ጎረቤቶችም አሉ፤ ስ፣ ሽ እና ፍ። እነዚህ ፊደላት ከእስትንፋስ የማይሻሉ ስስ ድምፆች ናቸው። አንድ ሰው መስማት ሲሳነው ቀድሞ የሚያጣው እነሱን ስለሆነ፣ ሰው ሲያወራ ይሰማዋል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ሰጠ እና ሸጠ አንድ ይሆኑበታል። ሠራ እና ፈራ ይምታቱበታል። በአማርኛ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። ላሙን የሰጠና ላሙን የሸጠ ጎረቤት እኩል አይመረቁም።

አዝማሪ ቤት ይህ ይጎላል። ድሮ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከእንግዳው ፊት ይቆማል፤ እንግዳው ጎንበስ ብሎ ግጥም በጆሮው ይነግረዋል፤ «ተቀበል!» ይላል፤ እሱም ተቀብሎ ያዜማል። ሰሙም ወርቁም የሚያምረው ሲሰማ ነው። ዛሬ ማሲንቆዋ ማይክ ተሰክቶባታል፤ ከኋላ ሞንታርቦ አለ። እዚህ ዘንዘልማ እንደሚወራው አንድ ሰው ጓደኛው ቤት መሥራቱን ሊያስመሰግን ግጥም ነገረ። ሠራ ነበር ያለው። አዝማሪው የሰማው ፈራ ነው። ጓደኛው በሕዝብ ፊት በዜማ ፈሪ ተባለ፤ የጎጃም ሰው ፈሪ ተብሎ ዝም እንደማይል አዝማሪውም ያውቃልና ማሲንቆውን ጥሎ በጓሮ ወጣ። ለሠራውም ቤት ሽልማት ሳይሰጥ ቀረ። ወይም ሳይሸጥ።

የባጃጁ ልጅ ከዚህ ሁሉ የት አለ? ዕድሜው ገና 26 ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ ስፒከር ጋር ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ዲጄ ጓደኛውን ይረዳል፤ ሞንታርቦ ያወርዳል፣ ገመድ ይሰካል፣ ከዚያ ደክሞት ሞንታርቦው ላይ ተደግፎ ያርፋል። ሰኞ ጠዋት «ጆሮዬ ተደፈነ» ይላል። የባጃጇን ቁልፍ ይነቅልና፣ ጥርሷን ወደ ውስጥ፣ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ያዞራታል፤ ሞተር ሊያስነሣ የሚመስል። ጫፏን አይቶ፣ ሱሪው ላይ ጠርጎ መልሶ ይሰካታል። የተደፈነው በኩክ አይደለም፤ ሕዋሳቱ ደክመው ነው። እስከ ማክሰኞ፣ ቢበዛ ረቡዕ፣ ይመለሱለታል። ጆሮውም ይጮኻል፤ ቀጭን «ጢይይይ»። እሱ ደስ ይለዋል። ጆሮ ሲጮህ ሰው ስምህን እያነሣ ነው ይባላል፤ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ስሙን የምታነሣ ይመስለዋል።

ደክመው የተመለሱትም በሙሉ ጤናቸው አይደለም የተመለሱት። በ2009፣ በፈረንጅ፣ ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ለሁለት ሰዓት ጫጫታ ያሰሟቸው አይጦች መስማታቸው ተመልሶ በምርመራ ደህና ሲባሉ፣ ከሕዋሳቱ ወደ ነርቭ የሚወስዱት መገናኛዎች ግን ግማሽ ያህሉ ጠፍተው አገኙ። ታዋቂዎቹም አላመለጡም። የሮክ ባንዱ የኤሲ/ዲሲ ድምፃዊ ብሪያን ጆንሰን በ2016 የኮንሰርት ጉዞህን ካላቋረጥህ ሙሉ በሙሉ ትደነቁራለህ በሚል የሐኪም ማስጠንቀቂያ መድረክ ጥሎ ወርዷል። እሱ ግን በስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት በሚልዮን እየተከፈለው ነው። የእኛ ልጅ በነጻ ነው።

ጥር አለቀ። መምህሩ በወሩ ከነበሩት ሰርጎች አንዱንም አላስቀሩም፤ ሦስቱን ከሞንታርቦው ፊት ለፊት፣ አንዱን ከጎኑ። ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባጃጇ ውስጥ ገብተው እንደ ልማዳቸው በበሯ በኩል ተቀመጡ። ከጎናቸው ደብተር የያዘች የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲመጣ መምህሩ ትከሻቸውን አዘጋጅተው ጠበቁ።

ምንም።

ሁለተኛው ጉድጓድ ላይም ምንም። ሦስተኛው ላይ ፊታቸው በራ፤ ልጁን ከኋላ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ተባረክ ልጄ! ቀባሃት! እኔ እኮ የማትሰማኝ መስሎኝ ነበር።»

ልጁ በመስተዋቱ አያቸው። ምን እንዳሉት አልሰማም፤ በጣታቸው መካከል ያለውን የሃምሳ ብር ኖት ግን አየ። ወደ ኋላ እጁን ዘርግቶ ተቀበለ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሸ! ልጨምረው?»

«ምን ይፈራል?» አሉ መምህሩ።

ልጁ ጨመረ። ባጃጇ አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ገባች። የተማሪዋ ትከሻ እስከ ጆሮዋ ወጣ፣ ዐይኗ ተጨፈነ፤ ከዚያ ገልጣው ያችን ትንሽ የብረት በር በጥላቻ ተመለከተቻት። አምስተኛው ላይም እንደዚሁ። አዲሱ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ነው የልጅቷ ትከሻ የወረደው።